ኢዲ25519፣ ኢሲዲኤስኤ ወይስ አርኤስኤ? ለዲጂታል ደረሰኝ የሚሻለው ፊርማ

«ለደረሰኝና ለምስክር ወረቀት የትኛውን ዲጂታል ፊርማ እንጠቀም?» ለሚለው ተደጋጋሚ ጥያቄ መልሱ ኢዲ25519 ነው። ዲጂታል ፊርማ በሚስጥር ቁልፍ የሚሠራ፣ ማንም ሰው በይፋዊ ቁልፍ የሚያጣራው የባይቶች ምልክት ነው፤ ኢዲ25519 (Ed25519)፣ ኢሲዲኤስኤ (ECDSA) እና አርኤስኤ (RSA) ሦስት ዓይነቶቹ ናቸው። የሚያስገድድ ነገር ከሌለ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ከዋጋው እንጀምር። የሁሉም ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ የሚከፈለው በባይት ነው። ኢዲ25519 ለአንድ ፊርማ 64 ባይት ይወስዳል። ኢሲዲኤስኤ በፒ-256 (የሚሰላበት የሒሳብ ኩርባ) ያው 64 ሲሆን ዲኢአር (DER) በሚባለው የተለመደ አጻጻፍ እስከ 72 ይደርሳል። በጥንካሬ የሚስተካከላቸው አርኤስኤ-3072 ግን 384 ባይት ይበላል። በአንድ ሚሊዮን ደረሰኝ ሲሰላ 64 ሜጋባይት ወይስ 384? ኪው አር ኮድ ላይ ሲታተም ደግሞ ይብሳል፤ ባይት በጨመረ ቁጥር ነጥቦቹ ይደቃሉ፣ የደበዘዘ ወረቀት ላይ ደግሞ ርካሽ ስልክ አያነባቸውም። አርኤስኤ የሚያሸንፈው ፊርማ በማጣራት ፍጥነት ነው። ከወሰዳችሁት ፒኤስኤስ (PSS) የተባለው የሙሌት አሠራር ይሁን፤ ሙሌት ከመፈረሙ በፊት በሃሹ (በመልእክቱ አጭር አሻራ) ላይ የሚጨመሩ ባይቶች ናቸው። የድሮውን አሠራር (PKCS#1 v1.5) የሚያጣሩ አንዳንድ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ሙሌቱን እስከ መጨረሻው ስለማያዩ፣ የይፋዊ ቁልፉ አርቢ (ሲጣራ ፊርማው የሚነሳበት ኃይል) 3 ሲሆን ፊርማ ማስመሰል እንደሚቻል የክሪፕቶግራፊ ተመራማሪው ዳንኤል ብላይኸንባኸር እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይቷል።

ኢሲዲኤስኤ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ፊርማ አዲስ፣ የማይገመት ሚስጥር ቁጥር ይፈልጋል። ያ ቁጥር ከተደገመ የሁለቱ ፊርማዎች የመጀመሪያ 32 ባይት አንድ ይሆናል። የሁለቱን መልእክቶች ሃሾች ልዩነት ለፊርማዎቹ ሁለተኛ ግማሾች ልዩነት ስታካፍሉ ሚስጥር ቁጥሩ ይወጣል፤ ከዚያ ቁልፉ የአንድ መስመር ስሌት ነው። የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ በ2010 የተጋለጠው ሶኒ ቁጥሩን ባለመቀየሩ ነው። መደገሙም የግድ አይደለም፦ ፑቲ (PuTTY) የተባለው ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ፒ-521 በተባለው ትልቅ ኩርባ ሲፈርም የቁጥሩን የመጀመሪያ 9 ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ያደርግ ስለነበር፣ 60 ያህል ፊርማ ቁልፉን ለማውጣት እንደሚበቃ በ2024 ታወቀ።

ኢዲ25519 ቁጥሩን ከሚስጥር ቁልፉና ከመልእክቱ ሻ-512 (SHA-512) በተባለው የሃሽ ስሌት ስለሚያወጣ በምትፈርሙበት ሰዓት የራንደም ቁጥር ጥራት አያሳስባችሁም። መሠረቱ ሽኖር (Schnorr) የተባለው ቀደምት ፊርማ ነው። ሃሹን እንደ ፍጹም ዘፈቀደ ከወሰድነው፣ ያንን ፊርማ ማስመሰል የቻለ ሰው ከይፋዊ ቁልፉ ሚስጥር ቁልፉን የማውጣቱን ከባድ ችግር (ዲስክሪት ሎጋሪዝም) ፈትቷል ማለት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ፖይንትሸቫልና ስተርን በ1996 አረጋግጠዋል። ኢሲዲኤስኤ ይህን ያህል የጠራ ማረጋገጫ የለውም።

ማረጋገጫው ግን ሒሳቡን እንጂ ኮዱን አይጠብቅም፤ የተበላሸ ላይብረሪ ስለሞላ የመረጣችሁትን ፈትኑት። ስትፈርሙ ይፋዊ ቁልፉን ለብቻው ከውጭ የሚቀበል ከሆነ ተዉት፤ አንዱን መልእክት በትክክለኛውና በሐሰተኛው ይፋዊ ቁልፍ ያስፈረመ ሰው ሚስጥር ቁልፉን ያሰላል። ቀጥሎ 64 ዜሮ ባይቶችን እንደ ፊርማ እንዲያጣራ ስጡት፤ ከተቀበለ ተዉት። ጃቫ ከ15 እስከ 18 ባሉት ስሪቶቹ ዜሮ የሆነ የኢሲዲኤስኤ ፊርማን ይቀበል እንደነበር በ2022 ተገኝቷል። ከዚያ በትክክለኛ የኢዲ25519 ፊርማ ሁለተኛ ግማሽ ላይ የቡድኑን መጠን (ስሌቱ ዞሮ ወደ ዜሮ የሚመለስበትን ቋሚ ትልቅ ቁጥር) ደምራችሁ ሞክሩ፤ ካለፈ አንድ ደረሰኝ ሁለት ፊርማ ይኖረዋል።

ለድረ ገጽ ሰርተፍኬት ከሆነ ምርጫው ኢሲዲኤስኤና አርኤስኤ ናቸው። ያኔ ኢሲዲኤስኤን ያዙ፣ ሚስጥር ቁጥሩም አርኤፍሲ 6979 (RFC 6979) በተባለው ሰነድ አሠራር ከቁልፉና ከመልእክቱ ይውጣ።

እነዚህን ፊርማዎች ሊሰብር የሚችለው ኳንተም ኮምፒውተር ታስቦ በነሐሴ 2024 የጸደቀው ኤምኤል-ዲኤስኤ (ML-DSA) የተባለ ፊርማ በትንሹ መጠኑ 2420 ባይት ይወስዳል። ትልቁ ኪው አር ኮድ የሚይዘው 2953 ባይት ስለሆነ ለደረሰኙ ጽሑፍ የሚተርፈው 533 ነው። ለዛሬ ደረሰኝ አይመከርም። ወደፊት መቀየር እንዲቀል ግን የፊርማውን ዓይነት አሁኑኑ ከቁልፉ ጋር መዝግቡ። ደረሰኙ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አጭበርባሪው ራሱ ይመርጥላችኋል።