ፔጆ 404 ያላችሁ፣ የወንበራችሁን ሞላ ጠብቁ

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ መኪና የያዛችሁ ሁሉ፣ በተለይ ፔጆ 404 ፒካፕ ያላችሁ፣ የጋቢናውን ወንበር ለማስለበስ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የአባቴ መኪና ወንበር ሞላ (ስፕሪንጉ) ተነቅሎ ለሌላ ሰው ተሸጧል። በቦታው ኮምፔንሳቶ ተመትቶ፣ በላዩ የሚያብረቀርቅ ሌዘር ተለብጦ፣ 14 ሺህ ብር ተቀብለውኛል።

የመኪና ወንበር አልባሾቹን ታውቋቸዋላችሁ። ገና መኪናው ሳይቆም በሩን ይከፍታሉ፣ የሌዘር ናሙናውን ጭናችሁ ላይ ዘርግተው በጣት ያስነካሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያስመጣሉ። «እህት ዓለም፣ ለአንቺ ብለን ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አንሠራም አቦ!» ይህ ሁሉ ቀብዱ እስኪቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ «ክር አልቆብን ነው»፣ «መብራት ጠፍቶ ነው»፣ «ነገ ነይ»። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም ለምደነዋል፣ እኔም አላኮረፍኩም።

የዚህ ፒካፕ ወንበር ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ወጥ ወንበር ነው። ከሥሩ የብረት ክፈፍ አለ፤ በክፈፉ ላይ ሞላዎቹ በሽቦ ተያይዘው ይደረደራሉ፤ ከዚያ ጆንያ፣ መሙያው፣ በመጨረሻም ልብሱ ይመጣል። ሰው የሚሸከመው ሞላው ነው። ልብሱ ቢቀደድ ሌዘር በየሱቁ አለ፣ ስፖንጁ ቢሟሽሽ ስፖንጅ ሞልቷል። የዚህ መኪና ሞላ ግን ከየት ይመጣል? ፋብሪካው ፒካፑን መሥራት ያቆመው በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሐረር ላይ ታክሲ ሆነው ዘመን ያስቆጠሩትን 404ዎች የሚያውቅ ሰው ዕቃቸው እንዴት እንደሚታደን ያውቃል። እነዚያም ሰዎች አሳምረው ያውቃሉ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከሞላዎቹ አንዱ የላላ ጊዜ ራሱ በነሐስ ሽቦ አስሮታል፤ ጫፉን ጠምዝዞ ልብስ እንዳይቀድ ወደ ውስጥ አጥፎታል። ልጅ ሆኜ ፒንሳውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሥራው አለቀ ተብሎ ስቀበል ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቡናማው ሌዘር የተወጠረ ነበር። ቤት ስደርስ አባቴ ገብቶ ተቀመጠ። ወገቡን ስለሚያመው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ነው። በሁለት መዳፉ ጫን ጫን አደረገውና «ይህ ነገር አይመልስም» አለ። ፈትተን ገለበጥነው። ከሥሩ የተወጠረውን ጥቁር ጨርቅ በቢላዋ ስንቀደው የወጣው የቁም ሳጥን በር የነበረ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ማጠፊያው የተነቀለበት ጉድጓድ እንኳ አልተደፈነም። በላዩ በስኳር ጆንያ የታጨቀ ቁርጥራጭ ስፖንጅ፣ ቢጫው፣ ሮዙ፣ ሰማያዊው፣ አንዳንዱ ላይ የአሮጌ ፍራሽ ጨርቅ እንደተጣበቀ። በዚህ ላይ አስቀምጬው ነው የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ሐኪም ቤት ልወስደው የነበረው።

ተመልሼ ሄድኩ። በራቸው ላይ ልብሱ የወለቀ የሌላ ሰው ወንበር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሞላው በሙሉ ወጥቶ ይታያል። ከግራ በኩል ሦስተኛው ላይ የነሐስ ሽቦ አለ፤ ጫፉ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ይህ የእኛ ሞላ ነው» አልኩ። ባለቤቱ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። «የቱ?» በጣቴ ነካሁለት። ሽቦውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ለአንዱ ሠራተኛ «ሸፍነው» አለው። ልጁም ዓይኔ እያየ ጆንያ ጣለበት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተሳስተው ይሆናል፣ ዕቃ ተቀላቅሎባቸው ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ያ ጆንያ ሲወርድ ግን ሁሉም ነገር ገባኝ።

«ሞላ ሁሉ ሞላ ነው። ስምሽ ተጽፎበታል እንዴ?» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ደረሰኝ አለሽ ወይ ብሎም ጠየቀኝ፤ ስከፍለው የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል ያለኝ ራሱ ነው። በመጨረሻ «አንቺ ልጅ፣ ይህ የወንድ ሥራ ነው፣ ባልሽን ወይም ወንድምሽን ላኪ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቀብድ ሲቀበል እህት ዓለም ነበርኩ። ብሬን ከወንድ እጅ አልተቀበለም። መኪናውን የምነዳው፣ ዘይቱን የምቀይረው፣ አባቴን የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ጉዳዩን ለከተማው ንግድ ቢሮ አመልክቻለሁ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ የቤቱን ስም አልጽፍም። እናንተ ግን ወንበራችሁ ሲፈታ ቆማችሁ እዩ፣ ሞላውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቀሪውን ገንዘብ ወንበሩን ሳትገለብጡ አትስጡ። ደረሰኝ መስጠት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የነጋዴው ግዴታ ስለሆነ ማሽን ተበላሽቷል ሲሏችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ።

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላይ የ404 ወንበር ያሠራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ከግራ ሦስተኛው ሞላ በነሐስ ሽቦ የታሰረ ከሆነ የአባቴ ነው። እናንተም እንደ እኔ ተታላችኋልና አልጣላችሁም፤ የከፈላችሁትን ከፍዬ እወስደዋለሁ።