ስኩዊድ፣ ፕሮክሲኤስጂ ወይስ ዚስኬለር? ከመግዛታችሁ በፊት የሩሉን ቅደም ተከተል እዩ

ፕሮክሲ (የሠራተኞችን የኢንተርኔት ጥያቄ መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ሥርዓት) ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓይነት ድረ ገጽ ያግዳል?» ብሎ ነው። ሻጩም ደስ ብሎት ይዘረዝራል። እኔ ግን ሌላ ነገር አስቀድማለሁ። አንድ ሠራተኛ ሊንክ ሲጫን ፕሮክሲው «ይለፍ» ወይም «ይታገድ» እስኪል ድረስ የትኛውን ሩል (የፍቀድ ወይም የከልክል ደንብ) ቀድሞ ያያል? ሁለት ሩሎች ሲጋጩስ የማን ቃል ይጸናል? በኋላ አድሚኑን (ሥርዓቱን የሚያስተዳድረውን ሰው) እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው።

ከስኩዊድ እንጀምር። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። ሩሎቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል። የቀረውን ዞር ብሎም አያየው። «ፌስቡክ ለሁሉም ዝግ» የሚለውን ከላይ፣ «ለማርኬቲንግ ክፍት» የሚለውን ከታች ከጻፋችሁ ማርኬቲንግ ፌስቡክ አይገባም፤ ሁለተኛው መስመር ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም የሌለ ያህል ነው። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሁኔታዎች ሁሉም መሟላት አለባቸው፤ ማርኬቲንግም፣ ፌስቡክም፣ የምሳ ሰዓትም። በአንድ ስም ሥር ከተዘረዘሩ አድራሻዎች ግን አንዱ ከገጠመ ይበቃል። ይህን ያልለየ ሰው «ለምን አይሠራም?» እያለ ቀኑን ይፈጃል።

አንድ ጉድ ደግሞ አለው። የትኛውም መስመር ካልገጠመ ስኩዊድ የመጨረሻውን መስመር ተቃራኒ ይወስዳል። የመጨረሻው መስመር አንድ ሳይት የሚከለክል ከሆነ ያልተጠቀሰው ሁሉ ያልፋል ማለት ነው! ስለዚህ መዝጊያው ላይ «ሁሉንም ከልክል» ብሎ መጻፍ የግድ ነው።

ፕሮክሲኤስጂ፣ ድሮ የብሉ ኮት አሁን የብሮድኮም የሆነው፣ ሩሎቹን በንብርብር ይከፍላቸዋል። ማንነት ማረጋገጡ ለብቻ፣ ፈቃዱ ለብቻ፣ ኢንክሪፕሽን (የትራፊኩን ምስጠራ) መፍታቱ ለብቻ። አንድ ንብርብር ውስጥ መጀመሪያ የገጠመው ያሸንፋል። በንብርብሮች መካከል ግን ኋላ የመጣው የፊተኛውን ሊሽረው ይችላል። ከስኩዊድ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ከለመዳችሁት ግን ብዙ ክፍልና ብዙ «ከእገሌ በስተቀር» ላለበት ድርጅት ይመቻል፤ አጠቃላዩን ክልከላ ከፊት፣ ልዩ ፈቃዶቹን በኋለኛው ንብርብር ታስቀምጣላችሁ። የትኛው ሩል እንደገጠመ የሚያሳይ ትሬስም (የውሳኔው ዱካ) አለው። ስኩዊድ ላይ ለዚሁ ሥራ የዲበግ ክፍል 28ን (የሩሎችን ውሳኔ በዝርዝር የሚመዘግበውን) ከፍታችሁ ረጅም ሎግ ታነባላችሁ።

ዚስኬለር ክላውድ ላይ ነው፤ በእናንተ ግቢ ሳይሆን በራሱ ሰርቨሮች በኢንተርኔት ይሠራል። ሠራተኛው ቤቱ ቢሆን መንገድ ላይ፣ ፖሊሲው ይከተለዋል። በዚህ ሁለቱን ይበልጣቸዋል ባይ ነኝ። ሩሎቹ በተራ ቁጥር ይነበባሉ፣ እዚህም መጀመሪያ የገጠመው ያሸንፋል። ልብ በሉ ግን፦ የክላውድ አፕሊኬሽን ፖሊሲው (በኢንተርኔት የሚሠሩ አፕሊኬሽኖችን የሚመለከቱት ሩሎች) ከድረ ገጽ ማጣሪያው ይቀድማል። እዚያ «ፍቀድ» ከተባለ፣ ሁለቱን የሚያያይዘውን አማራጭ ካላበራችሁ በቀር ማጣሪያው አይጠየቅም። «ዘግቼው ነበር፣ እንዴት ተከፈተ?» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሦስቱንም የሚመለከት ነገር፦ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው የድረ ገጽ ግንኙነት) ካልተፈታ ፕሮክሲው የሚያየው የሳይቱን ስምና ፖርቱን ብቻ ነው። «ዩቲዩብ ይከፈት፣ ይህ ቪዲዮ ግን አይከፈት» ማለት አትችሉም። ለመፍታት የድርጅቱ ሰርተፊኬት በየመሣሪያው መጫን አለበት፤ የባንክና የሕክምና ሳይቶችን ሳይፈቱ ማለፍም የተለመደ ነው። ስኩዊድ ይህን ይችላል፣ ግን ብዙ የእጅ ሥራ ይጠይቃል። በስኩዊድ ሩሉ በተጠቃሚ ስም እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ደግሞ ብራውዘሩ ፕሮክሲ እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ትራፊኩን በስውር ከጠለፋችሁ በ407 (ፕሮክሲው ለብራውዘሩ «ማንነትህን አሳውቅ» የሚልበት ኮድ) ስምና ፓስዎርድ መጠየቅ አይሆንም።

ምርጫዬ? ቢሮው አንድ ከሆነ፣ ሊኑክስ የማይፈራ ሰውም ካለ ስኩዊድ ይበቃል፤ ገንዘብ አታባክኑ። ዳታችሁ ከግቢ እንዳይወጣ የምትፈልጉና ልዩ ፈቃድ የበዛባችሁ ፕሮክሲኤስጂን እዩ። ሠራተኛው ከተበተነ ዚስኬለር። ሙከራ ላይ ግን ሻጩን ሁለት የሚጋጩ ሩሎች አስጽፉትና የትኛው እንደወሰነ ሎጉ ላይ ያሳያችሁ። ማሳየት ካልቻለ አትፈርሙ።