የጀልባ ባትሪ አሞላል፦ ትልቅ ዲናሞ፣ ሶላር ወይስ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር?

ማታ ላይ መብራቱ ሲደክም ወይም ፓምፑ ሲያቃስት ባለ ጀልባው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ዲናሞ መግዛትን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዲናሞው አይደለም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ልኬት ይቅደም።

ሞተሩን አስነሥተው በቴስተር መጀመሪያ ዲናሞው ላይ፣ ቀጥሎ ባትሪው ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ካለፈ ችግሩ ኬብሉ ወይም የዛገው ተርሚናል ነው። ደርሶ መልሱ 10 ሜትር በሆነ ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል 30 አምፔር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ25 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን 0.2 ብቻ ነው። ሁለት ባትሪ የሚያካፍል የዳዮድ መለያ ካለ ሌላ 0.7 ቮልት ይበላል። ዲናሞው 14.2 እያወጣ ባትሪው የሚያገኘው 13 ቮልት ከሆነ፣ ትልቅ ዲናሞ ቢገጠምም ለውጡ ትንሽ ነው።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ምርጫው የሚወሰነው በባትሪው ዓይነትና ሞተሩ በቀን በሚሠራበት ሰዓት ነው።

አሲድ ባትሪ ላለው ሰው ከትልቅ ዲናሞ ይልቅ ሶላር ያዋጣል ባዮች ነን። አሲድ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ድረስ በፍጥነት ይቀበላል፤ የቀረውን 20 በመቶ ግን ምንም ያህል አምፔር ቢቀርብለት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ደርሶ የሚመለስ ጀልባ ሞተሩ ያን ያህል አይሠራም። ባትሪው ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ ሲያድር ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ዕድሜው ያጥራል። ባለ 100 ዋት ፓኔል ግን በበጋ በቀን 28 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ያንን የመጨረሻ 20 በመቶ ቀስ ብሎ የሚሞላውም እሱ ነው። በክረምት ግማሹን ይጠብቁ። ከፓኔሉ ጥግ ላይ የሚያርፍ የባንዲራ እንጨት ጥላ እንኳ ምርቱን በጣም ስለሚቀንሰው ቦታውን አይተው ይግጠሙ። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር፣ ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል የሚያወጣው ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ ፓኔሉ ይገናኝ። ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ 14.4 ቮልት ይስተካከል፤ ጄል ከሆነ ግን ባትሪው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

ሊቲየም ባትሪ ሲመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሊቲየም እስኪሞላ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚውጥ ዲናሞው ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይል ይሠራል። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ደግሞ ማራገቢያው ስለሚደክም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ሊቲየም ባትሪው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ መከላከያ ድንገት ኃይሉን ቢቆርጥ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ የዲናሞውን ዳዮዶች ይጨርሳል። የማስነሻውን ባትሪና ሊቲየሙን ቮልቴጅ እያየ የሚያገናኝና የሚለያይ ሪሌይም እዚህ አይረዳም፦ ብዙዎቹ የሚለያዩት 12.8 ቮልት ላይ ነው፤ ሊቲየም ደግሞ ሳይሞላም 13.2 አካባቢ ስለሚያርፍ ሁለቱ ባትሪዎች እንደተገናኙ ይቀራሉ።

ስለዚህ ለሊቲየም ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ይግዙ፤ በማስነሻው ባትሪና በሊቲየሙ መካከል ገብቶ፣ አምፔሩን ገድቦ ዲናሞውን ያሳርፈዋል። ባለ 30 አምፔሩ ከ60 አምፔር በላይ ለሚያመነጭ የናፍጣ ሞተር ጥሩ ነው፤ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብልና ከባትሪው አጠገብ 60 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ስለሚግል ቀጥ ብሎ ቆሞ አየር በሚያገኝበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ከአሲድ ባትሪ በላይ ግን አይሁን። ከኋላ የሚንጠለጠል የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ላላቸው ግን ይህ መጠን ወጥመድ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ከ20 አምፔር በታች ስለሚያመነጩ ቻርጀሩ ጉድለቱን ከማስነሻ ባትሪው ይስባል፤ ቆይቶ ሞተሪኖው መዞር ያቅተዋል። ለእነሱ ከ10 አምፔር ያልበለጠ ቻርጀርና ሶላር ይሻላል።

ዲናሞ ራሱ መቀየር ያለበት ሞተሩ በቀን ብዙ ሰዓት ሲሠራ፣ ፍሪጅና ኢንቨርተርም ሲኖር ነው። ያኔም የሙቀት መለኪያ ያለው ውጫዊ ሬጉሌተር (ከዲናሞው ውጭ ተገጥሞ ቮልቴጁን የሚቆጣጠር) አብሮ ይገዛል። ከ100 አምፔር በላይ ከሆነ አንድ ተራ ቺንጋ አይችለውም፤ ይንሸራተትና ጥቁር ብናኝ ይረጫል። ፑሊውም አብሮ ይቀየር።

ወደቡ ላይ መብራት ካለ ደግሞ ከሁሉም የሚረክሰው ባለ 220 ቮልት ቻርጀር ነው፤ ለ100 አምፔር ሰዓት አሲድ ባትሪ ከ10 እስከ 20 አምፔር ይበቃል። ሲሞላ ራሱ ወደ 13.6 ቮልት የሚወርደውን ይምረጡ፤ የጋራዡ ተራ ቻርጀር ካደረ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።