የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አመስግኑልኝ

የእህቴን ጉዳይ ከአቤቱታ መጻፍ ጀምሮ ፍርድ ቤት ቆሞ እስከመከራከር አንድ ብር ሳያስከፍል ለያዘላት ለኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ምስጋናዬ ይድረስ። ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገችውን ጠበቃ ደግሞ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ እላለሁ። የምጽፈው እህቴ ፈቅዳልኝ ነው።

እህቴ ዲግሪ አላት፣ ደሞዝተኛ ናት። ይህን የምለው "ያልተማረች ብትሆን ነው" የሚል ስለማይጠፋ ነው። ባሏ ፊቷን አይነካም ነበር፤ ክንዷንና ጎኗን ነው። በሚያዝያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ስትመጣ እንኳ ብርድ ይዞኝ ነው ትለን ነበር። በመጨረሻ ለእናታችን ስትነግራት እናታችን መጀመሪያ የጠየቀቻት "ምን ብለሽው ነው?" ብላ ነው።

በእናቴ አልፈርድም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች ከመቶው 63ቱ ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም መኝታ ብትከለክለው፣ ከነዚህ ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ወንዶቹ ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? 28! "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል" የሚለውን ተረት እኔ ራሴ የሰማሁት ከሴት አያቴ አፍ ነው። እዚያው ጥናት ላይ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት ከመቶ 23 ብቻ ናቸው።

ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ በግ ታረደ። ከዚያ በኋላ ባሰበት። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ ደግሞ "የባልና ሚስት ነገር ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት" ተብለን ተመለስን። ማኅበሩን የጠቆመችን የእህቴ የሥራ ባልደረባ ናት።

ጠበቃዋ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ አላለቻትም። መጀመሪያ የጠየቀቻት "ዛሬ ማታ የት ነው የምታድሪው?" ብላ ነው። እህቴ እኔ ጋ መሆኗን ስትነግራት፣ መጠጊያ የሌላት ሴት ከነልጆቿ የምትጠለልበት ቦታ እንዳለ፣ ለምሳሌ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የሚባል እንዳለ ነገረችን። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አልሰማሁም ነበር።

ቃሏን የተቀበለችበትን መንገድ መቼም አልረሳውም። እህቴ ቀኖቹ ተምታቱባት፤ "አንድ ጊዜ እንዲህ አደረገኝ" እያለች ታለቅሳለች። ጠበቃዋ አላቻኮለቻትም። "ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ጾም ገብቶ ነበር? ልጁ ትምህርት ቤት ነበር?" እያለች በበዓልና በጾም እየመራች ነገሩን ሁሉ በየወሩ አስቀመጠችው። ጨርሳ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። እህቴ የራሷን ኑሮ ከሰው አፍ ስትሰማው "ይሄ ሁሉ በእኔ ላይ ነው የደረሰው?" ነው ያለችው።

ከዚያ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ጠቅሳ ደብዳቤ ጻፈች። አንቀጹ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት የሚመለከት ነው፤ ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩም ይሠራል። ደብዳቤው ሲደርስ ያ "በሽማግሌ ጨርሱት" ያለን መርማሪ ወንበር አቀረበልን። የሕክምና ማስረጃም ተላከልን፣ ቃልም ተቀበሉ።

ትልቁ ፍርሃታችን ኮንዶሚኒየሙ ነበር። ዕጣው በእሱ ስም ስለወጣ እህቴ ቤቱ የእሱ ነው ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ እሱም ሲያስፈራራት የኖረው "ሻንጣሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው" እያለ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ግን በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ ንብረቱን የጋራ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ጠበቃዋ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ አስወጣች። ፍቺው ተወስኗል፣ ልጁም እህቴ ጋ ነው። የንብረቱ ክፍፍልና የወንጀሉ መዝገብ ገና አልተቋጩም።

ለምስክርነት የቀረበችውን የጎረቤት ሴትዮ ሳላመሰግን አላልፍም። ባሏ "በሰው ትዳር አትግቢ" ብሏት ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

ማኅበሩን በ1987 ዓ.ም. ያቋቋሙት እነ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ውጭም ቅርንጫፎች አሉት። ነጻ የስልክ መስመሩ 7711 ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የቁስል ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁም ሂዱ። ብቻ ባላችሁ በሚከፍተው ስልክ አትደውሉ፣ የሰው ስልክ ተዋሱ። ፎቶዎቹንም ለምታምኑት ሰው ልካችሁ ከራሳችሁ ስልክ አጥፉ። የእህቴን ሁለት ጊዜ አይቶ ደምስሶባታል፤ የተረፉት እኔ ጋ የነበሩት ናቸው።