"ስማርት" ብለው የሸጡልኝ ቻርጀር፣ ከስምንት ወር በኋላ

አንድ ትንሽ የዛገ ሞርሳ (ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ) ነበረኝ። መንጋጋው ደርቆ አልከፈት ብሎኛል። ዝገቱን በኤሌክትሮሊሲስ (ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ) ላስለቅቀው አሰብኩ፤ ለዚህ 12 ቮልት የሚሰጥ የባትሪ ቻርጀር ይበቃል። ለሻጩም በግልጽ ነገርኩት። "ወንድሜ፣ ይሄ ስማርት ነው፤ የማይሠራው ነገር የለም" አለኝ። አመንኩት።

ቤት ገብቼ ባልዲ ውሃ ሞላሁ። በየ4 ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ) በተንኩበት። (ያላችሁ ቤኪንግ ሶዳ ብቻ ከሆነ፣ 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቆይ ወደዚሁ ይለወጣል።) ማይነሱን ለሞርሳው፣ ፕላሱን ለቁራጭ ፌሮ። እዚህ ላይ ስህተት የለም፤ ከተገለበጠ የሚበላው ሞርሳው ነው። ሶኬቱን ሰካሁ።

ምንም። አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ሽቦው የሚነካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ሶዳ ጨመርኩ። አሁንም ብልጭ ድርግም። ሁለት ሰዓት ካቃጠልኩ በኋላ ነው መመሪያውን ያነበብኩት። ለካ ቻርጀሩ የባትሪ ቮልቴጅ ካልተሰማው ከረንት አይለቅም! ባልዲ ደግሞ ከየት ያመጣል?

ሻጬ ሆይ፣ ስማርት ማለት ይሄ ነው? "ለደህንነት ነው" ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ልክ ነህ። ግን ለምን እንደምፈልገው ነግሬህ አልነበር?

ማታለያ አለው። አሮጌ ባትሪ ከባልዲው ጋር በፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ስታስሩ፣ ቻርጀሩ ባትሪ ያገኘ መስሎት ይነሳል። ፊውዝ ካላስገባችሁ ግን ሞርሳውና ፌሮው ውሃ ውስጥ የተነካኩ ዕለት ሽቦ ይቀልጣል። እኔ ፊውዝ አስገብቼ፣ ባልዲውን ደጅ አውጥቼ ተኛሁ። ደጅ ያልኩት ከሞርሳው የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ነው፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል።

ጠዋት ስነሳ ቻርጀሩ ሰዓቴ አልቋል ብሎ ቆሟል። ባትሪው ግን አልቆመም። ለባልዲው ሲገብር አድሮ ባዶውን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ሥራውን የጨረሰልኝ ጎረቤቴ ካሉ አንድ አዛውንት የተዋስኩት ቻርጀር ነው። እንደ ድንጋይ ይከብዳል። መብራት የለው፣ ስክሪን የለው፤ ያለችው አንዲት መርፌ ናት። ስሰካው "እምምም" አለ፤ መርፌዋ 4 አምፔር ላይ ቆመች። በሞርሳው ዙሪያ ደቃቅ አረፋ ተንቸፈቸፈ። ማታ ሳወጣው ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ለብሷል። በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍገው ከሥሩ የፋብሪካው ቁጥር ብቅ አለ፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር! ለፌሮው ጀርባውን የሰጠው ጎን ብዙም ስላልለቀቀ አዙሬ ደገምኩት። ከዚያ ወዲያው አድርቄ ዘይት ቀባሁት፤ እርጥቡን ከተዋችሁት ዓይናችሁ እያየ መልሶ ይዝጋል። መንጋጋው ተከፈተ።

ፌሮው እየተበላ ሲሄድ "የማይዝግ ብረት አድርግበት" ያለኝ ሰው አለ። እንዳትሞክሩት። ውስጡ ያለው ክሮሚየም መርዝ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በሶዳው ፋንታ ጨው መጨመርም እንደዚያው ነው፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ስማርት የተባለው ቻርጀር ለመኪና ባትሪስ? ይሞላል፤ እሱን አልክደውም። ግን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሳምንት የተዋስኩትን ልመልስ ስሄድ፣ ለአዛውንቱ "እንለዋወጥ፣ የእኔው አዲስ ነው" አልኳቸው። ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩት።

"ሰዓት ሲሞላው ራሱ ይቆማል?"

"አዎ።"

"ባትሪ ካላየስ አይነሳም?"

"አይነሳም።"

መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና የራሳቸውን አንጠልጥለው ገቡ።