የላንቃና የመንጋጋ ሲቲ በጥንቃቄ ለሚያነሱልን ራዲዮግራፈር ምስጋና

ጤነኛ ላንቃና መንጋጋ ከሰው ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ በሲቲ (በኤክስሬይ ሰውነትን በንብርብር በሚያነሳው ምርመራ) ለምናጠና ሰዎች ትልቁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ያየነው ልዩነት የአጥንቱ ነው ወይስ የአነሳሱ? ይህን ጥርጣሬ ከሥሩ ለሚያስወግዱልን ራዲዮግራፈር ምስጋናችን ከልብ ነው። እጅዎ ይባረክ!

የጠንካራው ላንቃ አጥንት አንዳንድ ቦታ ላይ እጅግ ስስ ነው። በ3 ሚሊሜትር ስላይስ (የምስል ንብርብር) ሲወጣ ከአጠገቡ ካለው አየርና ሥጋ ጋር ይደባለቅና ይደበዝዛል። ከዚያ ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ሲሠራ፣ አጥንቱ "አጥንት ነው" ለመባል ከተቀመጠው የጥግግት ወሰን በታች ስለሚወድቅ ቀዳዳ መስሎ ይታያል። የሌለ ቀዳዳ "የተለየ አፈጣጠር" ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው! እሳቸው ግን በ0.5 ወይም በ0.625 ሚሊሜትር፣ አንዱን ለአጥንት በሚሆነው ከርነል (ምስሉን የሚያጠራ ወይም የሚያለሰልስ የኮምፒውተር ማጣሪያ)፣ ሌላውን ለሥጋ በሚሆነው አድርገው ያወጡልናል። ይህንንም የሚያደርጉት ጥሬው ዳታ (ምስሉ የሚሠራበት መረጃ) ከማሽኑ ሳይጠፋ ነው። ማሽኑ ቦታ ሲጠበው የቆየውን ጥሬ ዳታ ይሰርዛል፤ ወፍራሙ ስላይስ ብቻ ከቀረ ደግሞ ቀጭኑን ከእሱ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ትንሽ ዘንበል ያለ ጭንቅላት በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል። በስካኑ መሀል ምራቅ የዋጠ ሰው ምስል ግን አይስተካከልም፤ የታችኛው መንጋጋ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ "አሁን ይዋጡ፣ ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ" ብለው አስቀድመው ይነግራሉ። ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ ከፈቀደ፣ ምላስ ከላንቃ ዝቅ እንዲል ያደርጋሉ፤ ከተለጠፈ የላንቃው ሥጋ ዳር ከምላሱ አይለይም። የብረት ሙሌት ላለበት ሰው በጥርሶቹ መካከል የተጠቀለለ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ያስነክሳሉ፤ ያኔ የላይኛውና የታችኛው ሙሌት የሚረጩት ጭረት በአንድ ስላይስ ላይ አይደራረብም። (የመንጋጋ መገጣጠሚያ ለምታጠኑ ይህ አይሆንም፤ አፍ ሲከፈት የመንጋጋው ራስ ከጎድጓዳው ወደ ፊት ይንሸራተታል።)

በላንቃ መሀል የሚወጣውን ጉብታ፣ በሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ አካባቢ ያለውን የላንቃ ቀዳዳ፣ ለሁለት የተከፈለውን የታችኛው መንጋጋ የነርቭ ቦይ ያለ ጥርጣሬ የምንቆጥረው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

ለጥናት ብቻ ተብሎ ጤነኛ ሰው ጨረር እንዲያገኘው እሳቸውም እኛም አንፈልግም። የምንጠቀመው ለሳይነስ ወይም ለአደጋ ምርመራ የተነሳውን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደውን ነው። የታካሚውን ስም ከፋይሉ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ከቀጭን ስላይስ የሰው ፊት መልሶ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ከዓይን ጉድጓድ በላይ ያለውንና የፊቱን ቆዳ አስወግደው ይሰጡናል።

አብሯቸው መሥራት የምትፈልጉ አጥኚዎች በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። ስትሄዱ የስላይሱን ውፍረት፣ ከርነሉንና የሚሸፈነውን ቦታ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ፋይሉንም በጄፔግ ሳይሆን በዳይኮም (በሕክምና ምስል የፋይል ዓይነት) ጠይቁ።