እምቢታ የመሰለንን ለፈታችልን ነርስ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከወራት በፊት ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቤታችንም የምንጠራት በዚሁ ነው። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ መድኃኒታቸውን በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ያለ ጭቅጭቅ እንዲወስዱ ያደረገችልን እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው ይህን ካነበበ፣ እኛ ዘግይተን ያወቅነውን ቀድሞ ቢያውቅ ብዬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የአባቴ ስትሮክ የመጣው በቀኝ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል የሚመግብ የደም ሥር በረጋ ደም በመዘጋቱ ነው። የግራ እጅና እግራቸው ደከመ። ንግግራቸው ትንሽ ቢኮላተፍም አልጠፋም። ከሆስፒታል ስንወጣ አንድ ከረጢት መድኃኒት ተሰጠን፤ ደም እንዳይረጋ አስፒሪን፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለደም ግፊት ደግሞ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል። ማብራሪያው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እኛም ደንግጠን ስለነበር የሰማነውን እንኳን አልያዝነውም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ጠዋት ክኒኑን ከውሃ ጋር አጠገባቸው አስቀምጬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። አንድ ቀን አንሶላ ስቀይር ከትራሳቸው ሥር ሦስት ክኒኖች አገኘሁ፤ ግማሽ በግማሽ ሟሙተው ጨርቁ ላይ ተጣብቀዋል። እኔ አለቀስኩ፤ ወንድሜ ደግሞ ተቆጣ። «አባባ፣ መዳን አይፈልጉም እንዴ?» ብሎ ጮኸባቸው። አባቴ መልስ ሳይሰጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የዚያ ቀን ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ደህና በሆነው በቀኝ ክንዳቸው የደም ግፊታቸውን ለካች፤ 172/100 ነበር። እኔ እየተነጫነጭኩ እምቢታቸውን መዘርዘር ስጀምር በእጇ ምልክት አስቆመችኝ። ወንበር ስባ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና «አባባ፣ እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» አለቻቸው። ከዚያ ዝም ብላ ማየት ጀመረች። በስድስት ሳምንት ውስጥ እኔ አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ የክኒኑን ማሸጊያ በቀኝ እጃቸው አነሱ። ግራው ሊያግዝ ስለማይችል ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ ተንሸራተተ። ደግመው ሲገፉት ክኒኑ ተፈናጥሮ ወጣና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጎንበስ ብለው ሊያነሱት አይችሉም። ሲስተር ሌላ ክኒን አውጥታ በትንሽ ኩባያ አደረገችና በስተግራቸው አስቀመጠችው፤ እኔ ዘወትር የማስቀምጥበት ቦታ ነው። አባቴ ጠረጴዛውን ቃኝተው «የታል?» አሉ። ኩባያውን በጣቷ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ገፋችው። ከመሃል እንዳለፈ ወዲያው አዩትና አነሱት።

ዓይናቸው አልታወረም። የቀኝ አንጎላቸው የተጎዳ አንዳንድ ሰዎች በግራቸው ያለውን ነገር ልብ አይሉትም፤ ለእነሱ ያ ወገን እንደሌለ ያህል ነው። ይህንን ስታስረዳኝ እግሬ ከዳኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱን የማስቀምጠው አባቴ በማያዩት ቦታ ነበር።

በዚህም አላበቃም። ክኒኑን ከዋጡ በኋላ «አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብላ በትንሽ ባትሪ አየች። ክኒኑ በግራ ጉንጫቸው ውስጥ ተወሽቆ ቀርቷል። የደከመው ጉንጭ ስለማይሰማቸው የዋጡት ይመስላቸዋል፤ ሲተኙ ተንሸራትቶ ይወጣል። ከትራሱ ሥር ያገኘኋቸው እነዚያ ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ሰሞን የመዋጥ ችግር እንደሚገጥማቸው ያን ቀን ከእሷ ሰማሁ። የመዋጥ ምርመራ ወደሚያደርግ ባለሙያ እንድንወስዳቸው ነገረችን፤ እሱም ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንዴት እንደሚውጡ አስተማራቸው። እኔ «እየፈጨሁ ልስጣቸው?» ብዬ ነበር። ሲስተር አልተስማማችም። አንዳንድ ክኒን መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ሲፈጭ ሙሉው መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለይተን የፋርማሲ ባለሙያ እንድንጠይቅ አደረገችን።

በሳምንቱ ተመልሳ የቀሩትን ክኒኖች ቆጠረች። ሦስቱ ልክ ናቸው፤ ኢናላፕሪሉ ግን ተርፏል። አሁንም ቁጣ የለም። ማሸጊያውን አሳይታቸው «ይህቺኛዋ ምን አደረገችዎት?» አለቻቸው። አባቴ ትንሽ አቅማሙና «ታስለኛለች። ሌሊት ልጆቼን እቀሰቅሳለሁ» አሉ።

እኛ የምንጮህባቸው አባታችን እኛን ላለመቀስቀስ መድኃኒታቸውን ይተዉ ነበር።

ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ የታወቀ ነው። ሲስተር ግን በራሷ ሥልጣን አቁሙትም ቀይሩትም አላለችም። የሳሉን ነገር፣ የተረፉትን ክኒኖች ቁጥርና የሳምንቱን የግፊት ልኬት በአንድ ወረቀት ጽፋ ለሐኪማቸው ላከች። ሐኪሙ በሎሳርታን ቀየረላቸው፤ ሳሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀቃቸው። እሷን የማምንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሥራዋን ድንበር ጠንቅቃ ታውቃለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳን ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ሕመምተኛ «መድኃኒት አይወስድም» ተብሎ ሲታማ ስሰማ ያመኛል።

የቀረውን ሥራ ከአባቴ ጋር ሠራችው። በቀላሉ የሚከፈት የሰባት ቀን የመድኃኒት ሳጥን አስገዛችን፤ ቦታው በስተቀኛቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ክኒኑን ታወጣ፣ እሳቸው በቀኝ እጃቸው እየለዩ ይደረድሩ ነበር። የጠዋቱን ጥርሳቸውን እንደቦረሹ፣ የማታውን ዜና ሲጀምር ይወስዳሉ። ስልካቸው ላይ ማንቂያ ነበር፤ ነገር ግን ደወሉን ዘግተው ይረሱት ስለነበር ከዕለት ልማዳቸው ጋር ማያያዙ በጣም ጠቅሟቸዋል። ከወሰዱ በኋላ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ራሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ቢያልፋቸው ለማካካስ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት እንዳንሰጥ፣ መድኃኒቱም የአንድ ሳምንት ሲቀረው አዲስ እንድንገዛ ከዚያው ወረቀት ግርጌ ጽፋልናለች።

ግፊታቸው 126/78 በደረሰ ጊዜ ወንድሜ «አሁንማ ወርዷል፣ የግፊቱን ብንተወውስ?» አለ። «የወረደው ስለሚወስዱት ነው» አለችው። ለትከሻቸው ሕመም ብሎ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ኢቡፕሮፌን ገዝቶላቸው ስለነበር እሱንም እንድናቆም ነገረችን፤ ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ ከአስፒሪን ጋር ሲወሰድ ደግሞ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፣ የአስፒሪኑንም ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላል። በነገራችን ላይ የአባቴን መድኃኒት ዝርዝር አይታችሁ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡ አደራ። ስትሮኩ የመጣው አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ አስፒሪን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ሲስተርን ለማን እንደምጠቁም ላስረዳ። በቀጠሮዋ ትገኛለች፣ የምታየውን ትጽፋለች፣ ሕመምተኛውን አልፋ ከቤተሰቡ ጋር አታወራም። ሁሉንም ነገር ተረክባ እንድትሠራላችሁ ከሆነ የምትፈልጓት ግን አትስማማችሁም፤ ቁጭ አድርጋ ታስተምራለች፣ እኔንም ወንድሜንም ጭምር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣ የነበረችው አሁን በወር አንዴ ብቻ ነው የምትመጣው፤ ይህም የራሷ ሐሳብ ነው። ሥራዋን ለሰው እንድናገር ስለፈቀደችልኝ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ሲስተር፣ አባታችንን ከእኛ ክፉ ቃል ስላዳንሽልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ጽሑፍ ሳላወጣው ለአባቴ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡና «ልጆቼን እቀሰቅሳለሁ ብዬ እንደነበር ጽፈሻል?» አሉኝ። ጽፌያለሁ፣ አባባ።